ሽማግሌ የጫነችው የኤሌክትሪክ መኪና

ወልቂጤ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ስለ መኪና አያወራም። ጊዜ የለውም፤ ጋራዥ ነው። ስለ መኪና የሚያወራው መኪና የሌለው ነው። ሐሜት እንዳይመስልህ፤ እኔም ከሚያወሩት አንዱ ነኝ። መንጃ ፈቃድ እንኳን የለኝም። ግን የትኛው መኪና ካምቢዮው እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ዳገት ላይ እንደሚለግም ብትጠይቀኝ ከእንቅልፌ ነቅቼ እነግርሃለሁ። ኳስ የሚተነትነውስ መቼ ኳስ ተጫወተና?

መሰብሰቢያችን ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ያለ የአንድ ጎሚስታ በር ነው። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሰው ጎማው እስኪደርስለት ስለ መኪናው የማያውቀውን ጉድ ሁሉ ይሰማል። አንዳንዱ ጎማውን አስለጥፎ፣ መኪናውን ለመሸጥ ወስኖ ይሄዳል።

የበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በእሳቸው ሚዛን የመኪና ዘር ያለቀው እሳቸው መሪ የለቀቁ ዕለት ነው። አዲስ መኪና አጠገባቸው ሲቆም በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉትና ቆርቆሮው ስስ ነው ይላሉ። "ጃፓን ሠርቶ ይሸጣል፣ ቻይና ሸጦ ይሠራል" የምትለውም አባባል የእሳቸው ናት። ትክክል ትሁን አትሁን አላውቅም፤ እኛ ግን ለመጣው ሁሉ እንነግራለን።

እንዲህ ተረጋግተን ስንኖር ነው መምህር ሙባረክ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛው። ሙባረክ ፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ጓደኛዬ ነው። መኪና ያለው አያወራም ያልኩትን ያፈረሰብኝም እሱ ነው፤ ከገዛ ወዲህ አፉ አልተገጠመም። ነዳጅ ማደያው ጋ ሰልፍ ባየ ቁጥር ፍጥነቱን ቀንሶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ ያልፋል። ሰላምታ የሚያናድድ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

መጀመሪያ በራችን ላይ ያቆማት ዕለት ጋሽ ሸምሱ ኮፈኑን ክፈት አሉት። ከፈተ። ሞተር የለም። ጃንጥላና የተማሪ ፈተና የያዘ ፌስታል ተቀምጦበታል። ጋሽ ሸምሱ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩና "ሞተርህን ሌባ ወስዶታል ልጄ፤ ሳይመሽ ለፖሊስ አመልክት" አሉት።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተስማምተው አያውቁም። ጠባቸው በተለይ የሚጦፈው በቁልቁለት ነገር ነበር። ሙባረክ መኪናዋ ቁልቁለት ስትወርድ ባትሪዋን ራሷ ትሞላለች ይላል። ጋሽ ሸምሱ ደግሞ "አንተስ ቁልቁለት ስትወርድ ሆድህ ይሞላል?" ይሉታል። ሙባረክ መሬት ላይ በእንጨት እየሣለ ያስረዳል። እሳቸው ሥዕሉን በጫማቸው ያጠፉታል። ወራት ያለፉት እንደዚህ ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ወደ እህቴ ልጅ ወደ ሬድዋን ልምጣ። ሬድዋን ከወልቂጤ ሽቅብ ባለችው በአገና ከተማ የምትኖር ሐያት የምትባል ልጅ ይወዳል። እሷም ትወደዋለች። አባቷ ሐጂ ነስሩ ግን በአገና የተከበሩ ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸውን በቀላሉ ሰጡ መባል አይፈልጉም። እኔና ጋሽ ሸምሱ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሆነን ሄደን ሁለት ጊዜ "እንመካከርበታለን፣ ሌላ ቀን ኑ" ተብለን ተመልሰናል። እሱስ ወግ ነው፤ በአንድ ቃል እሺ የሚል የሴት ልጅ አባት አይከበርም። ችግሩ፣ ከቡታጅራ አንድ ሀብታም ነጋዴ በመጪው እሑድ የራሱን ሽማግሌዎች ሊልክ ነው ተባለ። የሚመጡት ከሩቅ በሚሰማ ትልቅ የናፍጣ መኪና ነው። ሐያት ለሬድዋን ደውላ፣ ከእነሱ በፊት የአባቴን ቃል ካላገኛችሁ እኔንም አታገኙኝም አለችው። ልጁ እህል አልወርድ አለው።

ለሦስተኛው ጉዞ መኪና ጠፋ። ሚኒባስ እንዳንሳፈር ሽማግሌ ከዶሮ ጋር ታጭቆ አይሄድም። ሙባረክ የእኔ አለች አለ። ጋሽ ሸምሱ አሻፈረኝ አሉ። ሽማግሌ ሲመጣ ከታች ከዳገቱ ጀምሮ ሞተሩ ሊሰማ ይገባል፤ ባለቤቱ ጋቢውን ይለብሳል፣ ሴቶቹ ጓዳ ይገባሉ፤ ድምፅ ሳያሰማ ሰው ደጅ የሚደርስ ሌባ ብቻ ነው ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ ሌላ ስለጠፋ ገቡ። ቀበቶ ሲያስሩ ፊታቸው መርፌ ሊወጉ የተቀመጡ ይመስል ነበር።

ሌሊቱን ወልቂጤ መብራት ጠፍቶ አድሯል፤ ባትሪው አልሞላም። ሙባረክ ግን አላሰበበትም። ጋሽ ሸምሱን ለማሳመን ወንበሩን አሞቀላቸው፣ ጀርባቸውን የሚያሸውን ነገር ከፈተላቸው፣ በዳገቱ ላይም እንደ ጥይት ነዳ። እሳቸው ጀርባቸውን እየታሹ ከወልቂጤ እስከ አገና መኪናዋን ተሳደቡ። አንዴ ሙባረክ ይጥፋልዎት ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው ተወው፣ ልየው አሉ። ሐጂ ደጅ ስንደርስ ባትሪው ቀይ አብርቶ ነበር።

አሰላሙ ዐለይኩም ብለን ገባን። ተቀመጥን። እትዬ ዘይነባ፣ የሐጂ ባለቤት፣ ክትፎና ቆጮ አቀረቡ። እኛም እንደ ወጉ ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ እህል አንቀምስም አልን። ሐጂም እንደ ወጉ ሌላ ቀን ኑ አሉን። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሬድዋንን ምን ልለው ነው እያልኩ፣ ልቤ ተሰብሮ ተነሳሁ።

ደጅ ስንወጣ ሙባረክ መኪናዋን አየና፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሐጂ ሶኬት ይኖርዎታል? አለ።

ሐጂ እንግዳ አክባሪ ናቸው። ገመዱ በሳሎኑ መስኮት ገብቶ ተሰካ። ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አሉ። ሙባረክ በቤት መብራት ሲሆን ትንሽ ይቆያል አለ። ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው? እስከ ማታ ነው አለ። ሐጂ መኪናዋን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ተመልሳችሁ ግቡ አሉ። ሌላ ምን ይበሉ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸባቸው። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይበላም። የሐጂ ነስሩ ቤት ደግሞ እንግዳ ጾሙን ውሎ የወጣበት ቤት አይደለም። በፊት ሁለት ጊዜ ሳንበላ ስንሄድ አላሳፈራቸውም፤ ወዲያው ከዓይናቸው ጠፍተናል። አሁን ግን ፊት ለፊታቸው ተቀምጠናል። ክትፎው ሄደ፣ እንደገና ተለብልቦ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ቅቤው ሸተተን። የጋሽ ሸምሱ ሆድ ጮኸ፤ በዚያ ቀን ከመጣንበት መኪና ይልቅ የሚሰማው እሱ ነበር።

ዙህር ደረሰ፣ ሐጂ አሰገዱን። ከሰገድን በኋላ ምሳ ቀረበ። ይቅርታ አልን። ጎረቤት መምጣት ጀመረ። በመስኮት የወጣ ገመድ፣ በገመዱ የታሰረች መኪና፣ ሳሎን ውስጥ ከንፈራቸው የደረቀ ሽማግሌዎች። ገበያው ጋ ሐጂ ሽማግሌ አግተው እህል ከለከሉ ተብሎ ተወራ። እትዬ ዘይነባ ይህን ሰምተው ከጓዳ ወደ ባላቸው የላኩት አስተያየት፣ ወላሂ እኔ ላይ ቢሆን ቤቱንም ጨምሬ እሰጥ ነበር።

ከዚያ መብራት ጠፋ። በዕድሜዬ መብራት ሲጠፋ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐጂ ሲጨንቃቸው አንድ ነገር ትዝ አላቸው። "እኔ የምለው" አሉ፣ "ይሄ መኪና ቁልቁለት ላይ ራሱን ይሞላል ሲሉ ሰምቻለሁ። እስከ ወልቂጤ ደግሞ ቁልቁለት ነው። ለምን ቀስ እያላችሁ አትወርዱም?"

የሙባረክ ዓይን በራ። ወራት ሙሉ በእንጨት እየሣለ ያስተማረውን፣ ማንም ያልተቀበለውን፣ አንድ የተከበሩ ሐጂ ከራሳቸው አፍ አወጡለት። አፉን ከፈተ። እግሩን ረገጥኩት። ጋሽ ሸምሱ ቀደም ብለው "ሐጂ፣ እሱ የሻጮች ወሬ ነው" አሉ። ያመኑበትን ነው የተናገሩት፤ ምን ችግር አለባቸው? ሐጂ ግን አላመኑም፤ ወደ ባለ መኪናው ዞሩ። ሙባረክ ጋሽ ሸምሱን አየ። የሬድዋንን ፊት አሰበ መሰለኝ። ከዚያም እምባ ባቀረረ ዓይን፣ "አዎ ሐጂ፣ ወሬ ነው" አለ። ለጓደኛ ሲል ገንዘቡን የሰጠ ሰው አይቻለሁ፤ ፊዚክስን የሰጠ ግን እሱ ብቻ ነው።

መብራት ሲመለስ የአስር ሰላት ደርሶ ነበር። ሰገድን፣ ተቀመጥን። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በማግሥቱ ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል፤ እኛ ሦስቱንም በአንድ ቀን ጨርሰናል። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ ማግሪብ ሲቃረብ እትዬ ዘይነባ ክትፎውን ራሳቸው ይዘው መጥተው ባላቸው ፊት አስቀመጡትና ቆመው ቀሩ። ሐጂ ክትፎውን አዩ፣ ገመዱን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በሉ፣ ልጅቱ የእናንተ ናት። አሁን ስለ አላህ ብላችሁ ብሉ" አሉ። ቃሉ እንዲጸና ፋቲሃ ተቀራ። እኔ አለቀስኩ፤ ግማሹ ለሬድዋን ነው፣ ግማሹ ለቆጮው። ስንመለስ ቁልቁለቱን በሙሉ ባትሪው ሲጨምር ስክሪኑ ላይ ይታይ ነበር። ሦስታችንም ወደ ውጭ እያየን ወረድን።

ወሬ እግር አለው፤ ከቸሃ እስከ መስቃን ደረሰ። አሁን ሽማግሌ የሚልክ ሁሉ የሙባረክን መኪና ነው የሚለምነው። ሙሉ ባትሪ የሚፈልግ ግን የለም፤ የልጅቱ አባት ክፉ ከሆነ ሳይሞላ ስጠን ይላሉ። ጋሽ ሸምሱም በጎሚስታው በር ላይ ስለ አዲስ መኪና ያላቸውን አስተያየት አስተካክለዋል። የናፍጣ መኪና ትልቁ ጉድለቱ፣ ሂድ ሲሉት መሄዱ ነው ይላሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውንም ይጨምሩበታል።

እኔም በዚህ መኪና እጅግ አምናለሁ። ለዚህ ነው ባለፈው ሰኞ የመብራት ሠራተኛ ጠርቼ የበረንዳዬንም የሳሎኔንም ሶኬት ያስነቀልኩት። ሴት ልጆች አሉኝ።