አቶ ቨርለን ቶርኖዬን ያስቆሙ ዕለት

ሕግ አውቃለሁ የሚል ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። ሕጉን ከነገጹ፣ ከነግርጌ ማስታወሻው የሚያውቅ ግን በመቶ ዓመት አንዴ ቢወለድ ነው። የአሜሪካዋ ሞንታና ሰፊ አገር ናት፤ ይኼ ሰው የተወለደው ግን እኛ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሌላው በወንዙና በዓሣው ይኩራ፤ እኛ አቶ ቨርለን ሁክስትራ አሉን።

ክቡርነታቸው ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ግራ ጆሯቸው በጎረምሳነታቸው ያለ ድምፅ ማፈኛ ሲተኩሱ ደንቁሮ ቀርቷል። ስለዚህ በጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ስለሚገጠመው ማፈኛ ሲነሳ ነገሩ ለሳቸው እንደ ሃይማኖት ነው። እኛ ዘንድ ማፈኛ የሌለው አዳኝ ጥቂት ነው፤ ሁሉም በፌዴራል መዝገብ፣ በባለቤቱ ስም፣ በቁጥሩ የሰፈረ ነው። ማፈኛውንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕጉን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

በተኩስ ክበባችን አንድ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር "የት ላይ ተጽፏል?" ይላሉ። የአጎቴ ልጅ ነግሮኝ ነው ያለ እንደሆነ፣ የአጎትህ ልጅ መቼ ምክር ቤት ገባ ብለው ይጠይቁታል። አባ አንቀጽ ያልናቸው በዚህ ነው፤ ስሙን ሲሰሙት ቅር አይላቸውም፣ እንዲያውም ባርኔጣቸውን ያስተካክላሉ።

አንድ ዓመት በክበቡ እራት ላይ አዲስ የመጣች አስተማሪ፣ ማፈኛ ክልክል አይደለም ወይ ብላ በየዋህነት ጠየቀች። መልሱ በሾርባ ተጀመረ፤ የቤሪው ኬክ ተበልቶ ሲያልቅ ገና መግቢያው ላይ ነበሩ። ወንበር ቀየረች፤ አብረው ቀየሩ። በሁለተኛው ዓመት የራሷን ማፈኛ ስትገዛ ቅጹን አብረዋት የሞሉት እሳቸው ናቸው።

የባሰውን ልንገራችሁ። አንድ ጓደኛችን ሞቶ መቃብር ላይ ቆመን ሳለ ወደ መበለቲቱ ጠጋ ብለው፣ ማፈኛው የት ነው ብለው አንሾካሾኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለካ አማችየው ማፈኛውን መኪናው ውስጥ ከቶ ወደ ጎረቤት ግዛት ወደ አይዳሆ ሊወስደው ኖሯል። ባለቤቱ ሲሞት ወረቀቱ ተሞልቶ ለወራሹ እስኪተላለፍ ድረስ ንብረት አጣሪው እጅ ነው የሚቆየው። አቶ ቨርለን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እየጸለዩ፣ ማፈኛው እስኪወርድ ድረስ ከመኪናው ፊት አልተነቃነቁም።

ማፈኛ ማለት ቧንቧ ነው፤ ውስጡ ድምፁን የሚሰብሩ ጎድጓዳ ትንንሽ ሳህኖች ተደርድረውበታል። ከአራት ዓመት በፊት ከሳቸው ማፈኛ አንዷ ሳህን ተሰነጠቀች። እኔ የቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ባለሙያ ነኝ፤ በአንድ ከሰዓት ሠርቼ እሰጥዎታለሁ አልኳቸው። ያበደ ሰው እንዳዩ ሁሉ አዩኝ። ሕጉ፣ አሉ፣ ማፈኛ የሚለው ሙሉውን ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ለማፈኛ የተሠራች አንዲት ሳህን ለብቻዋ ማፈኛ ናት። ያለ ፈቃድ የሠራት፣ መለዋወጫ ትሆናለች ብሎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣት፣ ያልተመዘገበ መሣሪያ ይዟል። እስከ አሥር ዓመት እስራት አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ጠመንጃ መንካት የለም። ሳህኗን መተካት የሚችለው ፈቃድ ያለው ሠሪ ብቻ ነው። ላኩትና አሥራ አንድ ሳምንት ጠበቁ፤ የአጋዘኑ አደን አለፋቸው። ክበቡ ሳቀባቸው። ከሁሉም አስበልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

የሳቀ አይቀርለትም። አምና የአደኑ ወቅት ሊከፈት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የእኔም ሳህን ተሰነጠቀች። የቲታኒየም ዘንግ መደርደሪያዬ ላይ ተጋድሟል። ሠላሳ ዓመት ብረት ስቆርጥ ኖሬ፣ ለአውራ ጣት ለምታክል ሳህን የሰው ደጅ ልጥና? ዕብሪት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። ልኳን ወሰድኩ፣ ንድፏን ሣልኩ፣ ማን ያየኛል ብዬ ዘንጉን ቶርኖው ላይ አሰርኩና ሞተሩን አስነሳሁ።

በዚሁ ቅጽበት ክቡርነታቸው የእጅ ጋሪያቸውን የተሰበረ አክስል ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። የተፈታውን ቧንቧ አዩ፣ ንድፉን አዩ፣ የሚሽከረከረውን ዘንግ አዩ።

"በሕግ አምላክ!" አሉ።

በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። ቶርኖዬም ቆመ።

"ቆርጠኸዋል?"

"ገና ነው፣ ጋሼ።"

"ገና ከሆነ ዘንግ ነው። ዘንግ መያዝ አልተከለከለም። ፍታው።"

ደሜ ፈላ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ብረቴ፣ ማን ያያል አልኳቸው።

"እኔ አየሁ" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ባላይም አንተ ታየዋለህ። መሳቢያውን በከፈትክ ቁጥር፣ የማታውቀው መኪና ግቢህ በገባ ቁጥር ታየዋለህ። ይኼን ቤት፣ ይኼን እጅ በአንዲት ሳህን ትለውጠዋለህ?"

ይኼን ብለው የመፍቻ ሣጥኔ ላይ ተቀመጡ። ዘንጉ ካልተፈታ አልነሳም አሉ። ባለቤቴ ማርዲስ ምሳቸውን እዚያው አመጣችላቸው፤ በልተው፣ አመስግነው፣ ተቀመጡ። አሥር ሰዓት ላይ ፈታሁት።

በማግስቱ ፈቃድ ያላት ሠሪ ፍለጋ ወደ ቢሊንግስ ከተማ ተጓዝን። ማፈኛው በስሜ ስለሆነ ያለ እኔ ሊወስዱልኝ አይችሉም፤ እኔን ብቻዬን መላክ ደግሞ አላመኑም። ስለዚህ አራት ሰዓት ሙሉ የደረቀ ሥጋ እያኘክን እሳቸው ደንቡን አነበነቡት፤ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ነዳሁ።

የማፈኛ መሥሪያው ባለቤት ዊላ ኦስትቢ ትባላለች። አቶ ቨርለን ሰላም ከማለታቸው በፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ እስከ ማብቂያ ቀኑ አነበቡ። እሷም የቶርኖ ሠራተኛዬ ለቆብኝ ሥራ ተከምሮብኛል፣ ከስድስት ሳምንት በፊት አይደርስም አለች። ማፈኛዬን አንስቼ ልወጣ ስል እጄን ያዙኝ።

"ስሚ፣ ወይዘሮ" አሏት። "እኛ ሸለቆ ውስጥ እህል የሚያጭድ ሁሉ የሚያጭደው ይኼ ሰው በጠገነው ማሽን ነው። ትናንት ሊሠራት የነበረችውን ሳህን ንድፍ አይቻለሁ፤ እንደሱ ያለ እጅ በዕድሜዬ አላየሁም። እሱ ያጣው ፈቃድ ነው፤ አንቺ ያጣሽው እጅ ነው።"

ሃያ ዓመት ስንተዋወቅ አንድ ቀን አመስግነውኝ አያውቁም። አንጀቴን በሉት፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ከአፌ የወጣው "የት ላይ ተጽፏል?" የሚለው ብቻ ነበር። የምጠይቀው ስለ ቅጥሩ መስሏቸው፣ የባለፈቃድ ተቀጣሪ በዚያው ቤት መሥራት እንደሚችል የሚናገረውን ገጽ ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉልኝ።

ዊላ በዚያው ቀን ፈተነችኝ፣ ቀጠረችኝም። የመጀመሪያዋ ሥራዬ የራሴው ማፈኛ ሳህን ሆነች። የተሰነጠቀችውን ለማስታወሻ ልይዛት አሰብኩ፤ የአቶ ቨርለንን ዓይን አየሁና በመጋዝ ለሁለት ከፈልኳት። አደኑ ሲከፈት ደረስኩ።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ቢሊንግስ እየሄድኩ ሳህን እቆርጣለሁ፤ ብዙ አዳኝ በእጄ ሥራ ይተኩሳል። አቶ ቨርለን ግን ለክበቡ እንግዳ ሲመጣ የሚያሳዩት ይኼን ሥራዬን አይደለም። እንግዳውን ወደኔ ቤት ይዘውት ይመጣሉ፣ አሮጌው ቶርኖዬ ፊት ያቆሙታል፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

"በዚህ ቶርኖ" ይላሉ፣ "አንዲት ሳህን እንኳ አልተሠራችም።"

እንግዳው ግራ ገብቶት እኔን ያያል። የቲታኒየሙ ዘንግ ዛሬም መደርደሪያው ላይ አለ፤ በሳቸው የፖስታ ቤት ጽሕፈት "ይህ ዘንግ ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። እውነቱን ልናገር፣ ሠላሳ ዓመት ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያች ያልሠራኋት ሳህን ያኮራኝ የለም።