መምህር በዛብህና ሁለቱ የሙዝ ዘለላዎች

ደወል ተደውሎ፣ ተማሪ ተበትኖ፣ በሩ ተቆልፎ እንኳ ትምህርቱ የማያልቅለት አስተማሪ የሌለው ሰፈር የለም። ለሴቻ የደረሷት የፊዚክስ መምህሩ ክቡር አቶ በዛብህ ናቸው፤ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ የበላይ ጠባቂ።

ባለቤታቸው ሻሺቱ አብራቸው መውጣት ፈተና ሆኖባታል። ሥጋ ቤት ሲገቡ ሥጋውን ትተው መንጠቆውን ያወዛውዛሉ። ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ መስታወቱ ላይ የተሰቀለውን መቁጠሪያ እያሳዩ ሾፌሩን ያስተምራሉ።

"ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ ከፈለግህ፣ ክብደቱን ተወው፤ ርዝመቱን ንገረኝ።"

"ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው ሂሳብ ብቻ ነው" ይላል ሾፌሩ። ሻሺቱ እንደማያውቃቸው ሰው ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

ሚሊኒየሙ በገባ በዓመቱ ታናሽ ወንድሟ ሚካኤል የላንቴ መንደሯን ቲጂን ወደደ። የልጅቷ አባት አቶ ሀይሌ ደግሞ ሽማግሌ በመመለስ የታወቁ ናቸው። መምህሩ ለሽምግልናው ሲመረጡ ሻሺቱ "እባክህ፣ ምንም ነገር እንዳትነካ" ብላ አስማለቻቸው። አላመነቻቸውምና አብራ ሄደች።

ገና ከመቀመጣቸው አቶ ሀይሌ "ልጄ ትምህርቷን ትጨርስ" ብለው ነገሩን ዘጉት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። የመምህሩ ዓይን ግን በረንዳው ላይ በገመድ ከተሰቀሉት ሁለት የሙዝ ዘለላዎች አልተነቀለም። አንዱ ጥጃ ያህላል፤ ሌላው ከሲታ ነው።

"አቶ ሀይሌ፣ እኩል ስበን ብንለቃቸው የትኛው ቀድሞ ይመለሳል?"

ከልጅቷ እናት አጠገብ የተቀመጠችው ሻሺቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

"ከሲታው ነዋ" አሉ አቶ ሀይሌ።

መምህሩ የገመዶቹን ርዝመት አስተካክለው ዘለላዎቹን ለቀቋቸው። እኩል ሄደው እኩል ተመለሱ። አቶ ሀይሌ አላመኑም፤ ኮታቸውን አውልቀው ራሳቸው ሞከሩ። ትልቁን ትንሽ ራቅ አድርገው ሳቡት። ያው ነው።

"ታዲያ ይሄን የሚለውጠው ምንድን ነው?"

መምህሩ ከዘለላው የወደቀ ሙዝ ጎርሰው ነበርና መልሱ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

"ገመዱ ነው" አለች ሻሺቱ። "ካጠረ ይፈጥናል፤ ከረዘመ ይዘገያል።"

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ "አትሰሚኝም" ሲሏት የኖሩት ባሏ ማኘክ ተሳናቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አቶ ሀይሌ አንዱን ገመድ አሳጥረው አዩት። እውነት ነው። ኮታቸውን ለበሱና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

"እሁድ ተመለሱ፤ ስለ ልጆቹ እንነጋገራለን። መምህሩ እንኳ ይረፉ፤ ሚስታቸው ትምጣ፤ አጠር አድርጋ ነው የምታስረዳው።"

"ያለ እሱስ አልመጣም" አለች ሻሺቱ።