ስጋት የተገኘለት ሰፈር

ሳይንስ ለሰው ልጅ ከዋለለት ታላላቅ ውለታዎች አንዱ፣ ሰው የማያውቀውን ፍርሃት ፈልጎ አግኝቶ ማስረከቡ ነው። ሰፈራችን ይህን ውለታ በነፃ ተቀብሏል።

ውለታውን ያመጣልን የሰፈራችን ልጅ ነው። በግጭት፣ በወንጀልና በፀጥታ ተግዳሮቶች ተመራምሮ ዶክተር ከሆነ በኋላ፣ የሚሠራበት ተቋም አንድ ሰፈር መርጦ እንዲያጠና አዘዘው። እሱም የእኛን መረጠ። ምክንያቱን በጥናቱ መግቢያ ላይ «ለጥልቅ ምልከታ ያለው አመቺነት» ሲል ገልጾታል፤ እናቱ እዚሁ ስለሚኖሩ ማደሪያ አያስቸግረውም ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ሰፈራችን ያሳዝን ነበር። ቀን በሩን የሚቆልፍ ሰው የለም። ሰዓት ጠጋኙ ጉዳይ ሲገጥመው የደንበኞቹን ሰዓቶች መንገድ ዳር ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋ ትቷቸው ይሄዳል፤ ሲመለስ እዚያው ያገኛቸዋል። ቢበዛ፣ የትኛው ደንበኛ መጥቶ እንዳጣው የሚነግረው ጎረቤት ይጠብቀዋል። ዶክተራችን ይህን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ በሙያው ቋንቋ «ያልተገለጠ ስጋት» ይባላል።

መታወቂያ ያንጠለጠሉ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት ዞሩ። ልብስ ሰፊዋን፣ ጎረቤት ሊሰርቀኝ ይችላል ብላ የምታስበው ንብረት የትኛው እንደሆነ ጠየቋት። አስቤው አላውቅም አለች። እንዲህ ያለ መልስ መጠይቁ ላይ እንደሌለ በትህትና አስረዷት። እንግዳ ላለማሳፈር ብላ የስፌት መኪናዬ አለች። ያን የሚያክል ብረት ከጎረቤት ማን ሊሸከም እንደሚችል ሲጠይቋትም፣ የገዛች ዕለት ተሸክሞ ያስገባላትን ሰው አስታውሳ ሰዓት ጠጋኙን ጠራች።

ወሬው በማግስቱ ሰዓት ጠጋኙ ጆሮ ደረሰ። ጠረጴዛውን አጥፎ ቤቱ ገባ፤ እሷንም ሰላም ማለት ተወ። እሷ ደግሞ ሰላምታ የነፈገኝ በልቡ የያዘው ነገር ቢኖር ነው ብላ በሯ ላይ ቁልፍ ጨመረች። ቁልፉን ያዩት ሌሎቹ፣ የሰማችው ነገር ቢኖር ነው ብለው እነሱም ቁልፍ ገዙ።

ያም ሆኖ የመጀመሪያው ዙር ውጤት አሳፋሪ ነበር።

«የተፈጸመ ወንጀል፣ ዜሮ?» አሉ የተቋሙ ዳይሬክተር። «ዜሮ ይዘን የት እንቀርባለን?»

«ፍርሃቱ ግን ጀምሯል» አለ ዶክተሩ።

«እንግዲያው አትቸኩል። ሁለተኛ ዙር ሂድ።»

በሁለተኛው ዙር ጥያቄ ያስቸገረው ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚጠረጥረውን በስም ይዞ ጠበቀ፤ አንዳንዱ እንዲያውም ወረቀቱ አነሰኝ አለ። ለውጤቱ በተጠራው ጉባኤ ላይ ዳይሬክተሩ፣ ተመራማሪያቸው አስቀድሞ የተነበየው ስጋት ተመራማሪያቸው በረገጠበት ስፍራ ሁሉ መረጋገጡን በኩራት ገለጹ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከዚያ ዶክተራችን ግኝቱን ለእኛም ሊያቀርብ መጣ። ጥቃት በአብዛኛው የሚመጣው ከባዳ ሳይሆን ከጎረቤት፣ ከዚያም በላይ ከቅርብ ዘመድ መሆኑን ግድግዳ ላይ በምስል አሳየን፤ አጥር ሥር የሚያንዣብብ ሰው ስናይም ሳንውል ሳናድር ለፖሊስ እንድንጠቁም መከረን። ከፊት የተቀመጡት እናቱ እያንዳንዷን ቃል አመኑ። ልጃቸው ዋሽቷቸው አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ማለታቸውን ተዉ።

በሳምንቱ ልጅ እናቱን ሊጠይቅ መጣ። በሩ ተቆልፏል። አንኳኳ።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ እማዬ፣ ልጅሽ።»

 እናቱ ከውስጥ፣ «ዘመድ ነው የሚያሰጋው ያልከን አንተ አይደለህ?» አሉት።

«እሱ እኮ ስለ አብዛኛው ሰው ነው።»

«አንተስ ከሰው በምን ታንሳለህ?»

 ዶክተራችን ፊቴን ቢያዩ ይከፍቱልኛል ብሎ በጓሮ በኩል ዞሮ አጥሩ ላይ ሲንጠራራ ሰዓት ጠጋኙ አየው፤ የተመከረውንም ሳያጓድል ፈጸመ። ፖሊሶቹ መጡ። ከእኛ ሰፈር ተጠርተው ስለማያውቁ ግን መንገድ እየጠየቁ ነበር።

ጣቢያ ላይ መርማሪው ታሪኩን ሰምቶ አዘነለት። እናቱ ተጠሩ። መርማሪው ነገሩ ቀላል እንደሆነ፣ ልጄ አያሰጋኝም ብለው ከፈረሙ ይዘውት መሄድ እንደሚችሉ ነገራቸው። እናቱ እስክሪብቶውን እንደያዙ ልጃቸውን አዩት። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ልጄ፣ እንደዚያ ብዬ ከፈረምኩ ጥናትህ ውሸት ነው ማለቴ አይደል?» አሉት። «ልፈርም?»

ዶክተራችን አሰበ። ጥናቱ መጽሔት ላይ ሊወጣ ነው። የማዕረግ ዕድገቱም ደጅ ደርሷል።

«አትፈርሚ» አላቸው። «ብርድ ልብስ ብቻ አምጪልኝ።»