አባት የሚያቀያይር ቁልፍ

ማውስ የሚነካ ጸሐፊ፣ ጸሐፊ አይባልም! አዎ፣ ብያለሁ። ስሟ ራሱ በእንግሊዝኛ አይጥ ነው፤ ጤነኛ ሰው ቀኑን ሙሉ አይጥ ጨብጦ ይውላል እንዴ? እስካለፈው ወር ድረስ እንዲህ እያልኩ የቆቦን ከተማ አሰልችቻት ነበር።

እኔ ሙላት፣ ከዋጃ መንገድ ወረድ ብሎ ያለው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ሁለት መቶ ገበሬ ከጉድጓዱ ውሃ የሚያገኝበትን ተራ በኮምፒውተር መያዝ ነው። እናላችሁ፣ አቋራጭ ቁልፎችን ተማርኩ! ኮንትሮልን ይዤ ቀስቷን ወደ ታች ጫን ሳደርጋት የዝርዝሩ ግርጌ ላይ ዱብ! ወደ ላይ ስጫናት ጫፉ ላይ ጉብ! ሰው ሁሉ በባጃጅ ሲንቀረፈፍ እኔ ብቻ በአውሮፕላን የምሄድ መሰለኝ።

ቀጥሎ የመጣው ማክሮ ነው። ለማታውቁት… አንድን ሥራ አንዴ እየሠራችሁ ታሳዩታላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ይቀዳዋል፣ ከዚያ በኋላ አንዲት ቁልፍ ስትነኩ ያንኑ ራሱን ይደግመዋል። ሳያስብ። ይቺን "ሳያስብ" የምትለዋን ያዙልኝ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሐጅ ይማም "ስማችንን ፈልገን ማግኘት አቃተን፤ በሀ ሁ ደርድርልን" ሲሉኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ለልምምድ የኮሚቴውን ሰባት ሰዎች ስም ብቻ፣ ያለ አባት፣ ጽፌ ማክሮዬን አሠለጠንኩት። የመጀመሪያውን ዓምድ ያዝ፣ በሀ ሁ ደርድር፣ ሴቭ አድርግ፣ አትም! ከዚያ ዋናውን ዝርዝር ከፍቼ ቁልፏን ጠቅ… ፕሪንተሩ ተንጫረረ። አለቀ! የድሮው ዝርዝር ያለበትን ወረቀትማ መጠቅለያ ይሁናት ብዬ ደጃችን ላለችው ቆሎ ሻጭ ሰጠኋት። ለጋስ ነኛ!

ማክሮው ግን ያስተማርኩትን ነው የሠራው፤ የደረደረው የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ ነው። ስሞቹ ተነሥተው ቦታ ሲቀያየሩ የአባት ስምና የውሃው ቀን ባሉበት ቀሩ። በአንዲት ጠቅታ ሁለት መቶ ሰው አባት ቀየረ!

"ታዲያ ስታነበው አላየህም?" ትሉኝ ይሆናል። አየሁ እንጂ! ሰይድ ገብረማርያም፣ ተክሌ ሁሴን፣ ፋጡማ ወልዴ… ሌላ አገር ቢሆን አንዱ ብድግ ብሎ "ይሄ ነገር ምንድን ነው?" ይል ነበር። በእኛ በኩል ግን እንዲህ ያለ ስም ይዘን ነው ያደግነው፤ ማንን ግር ይለዋል? እንዲያውም አንብቤ ስጨርስ "እንዴት ያለ ሸጋ ሕዝብ ነው!" ብዬ ልቤ ተነካ። ወስጄም ፓምፑ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ዝናሽ መቀነታቸውን አጥብቀው፣ በሩን በርግደው ገቡ።

"አንተ ሙላት! ዛሬ ተራዬ አይደለም?"

"ነው እንጂ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ፓምፕ ከፋቹ 'ዝናሽ ካሳ የምትባል የለችም፤ እዚህ ያለችው ዝናሽ አወል ናት' ብሎ መለሰኝ! አባቴን አንዴ ቀብሬዋለሁ፤ አንተ ደግሞ ሰረዝክብኝ? ሽንኩርቱን ከተከልኩት ገና አራት ቀኑ ነው። በዚህ ፀሐይ ዛሬ ካልጠጣ ነገ ገለባ ነው!"

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ ኮንትሮል ዜድን ተጫንኩ፤ የተበላሸውን ሁሉ ወደ ነበረበት የምትመልሰው ቁልፍ ናት። ወይ ፍንክች! ለካ ማክሮ የሠራውን እሷም አትመልሰውም። ሴቭ አድርግ ብዬ ያስተማርኩትም እኔው ነኝ። ወደ ቆሎ ሻጯ ሮጥኩ… የማኅበሩ ዝርዝር ከነሽምብራው መናኸሪያ ደርሶ በየአውቶቡሱ ተበትኗል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ። የሴትዮዋ ማሳ በእኔ ጉራ ሊደርቅ ነው።

ሐጅ ይማም ተጠርተው መጡ። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"አብሽር" አሉኝ። "ጻፍ። ዝናሽ ካሳ፣ ማክሰኞ ጠዋት። ደውልና ውሃዋን አሁኑኑ ይልቀቁላት! ቀጥል። ሰይድ አወል፣ ማክሰኞ ከሰዓት። ተክሌ ወልዴ፣ ረቡዕ ጠዋት…"

ያለ ወረቀት፣ ያለ መነጽር፣ ሁለት መቶ ሰው ከነአባቱና ከነቀኑ! አንዳንዱንም ከነአያቱ! እጄ ዛለ፣ እሳቸው ግን ወይ ፍንክች።

"ሐጅ፣ እርስዎ ማክሮውን የት ነው የደበቁት?"

"ማካሮኒ? አልሐምዱሊላህ፣ ቁርሴን በልቻለሁ። ጻፍ!"

በመጨረሻ የእኔ ስም ላይ ደረስን፤ በአባቴ መሬት እኔም ተራ አለኝ። ስክሪኑ ላይ "ሙላት ይማም" ይላል።

"የእርስዎ ልጅ ሆኛለሁ፣ ሐጅ። ሙላት ጌታሁን ብዬ ላስተካክለው?"

"ቆይ፣ አትንካው!" አሉ። "ጌታሁን ገበያ ሲወጣ 'ውሃውን ያምታታው ያንተ ልጅ ነው' ቢሉት ምን ይመልሳል? ለጊዜው የእኔ ሁን። እኔ ስድስት ወልጃለሁ፤ ለምጄዋለሁ።"

የእትዬ ዝናሽ ሽንኩርት ጠጥቶ ቀና ብሏል። እኔም አይጧን ይቅርታ ጠይቄ ጨብጫታለሁ፤ ቀስ ብላ ብትሄድም የት እንደምትሄድ ታሳያለች። የተስተካከለው ዝርዝርም፣ ከእኔው ስም በስተቀር፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ባለፈው እሑድ አባቴ ደወለልኝ።

"ሙላት፣ ፓምፑ ቤት ያለውን ወረቀት አየሁት። የሐጅ ይማም ልጅ ነው የሚልህ።"

"ይቅርታ አባዬ! ነገ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ አስተካክለዋለሁ።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ምን ያስቸኩልሃል?"