የእንግዳው ማርና የአውሮፓ ሕግ

እናንተም እንደኔ ስብሰባ የማያልቅበት መሥሪያ ቤት የምትውሉ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይወሰናል፣ ከዚያ «ጥናት ይካሄድ» ይባላል፣ ጥናቱም የተወሰነውን ነገር ትክክል ሆኖ ያገኘዋል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሥነ ዜጋ የማስተምር ሰው ነኝና፣ አውሮፓውያን ነገሩን ገልብጠው እንደሚሠሩት ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬአለሁ። እዚያ ሳይንቲስቶቹ በየጊዜው በሚፈለስፉት መሣሪያ ምግቡን ይመረምራሉ፤ አንድ ሕፃን በየቀኑ ቢቀምሰው የማይጎዳው የመርዝ መጠን ይህን ያህል ነው ይላሉ። ፖለቲከኞቹ ይጨቃጨቁበታል፣ ነጋዴው ያኮርፋል፣ በመጨረሻ ግን ያቺ መጠን ሕግ ሆና ትወጣለች። ተማሪዎቼ ይህንን ለፈተና ይጽፉታል፣ እኔም አርማለሁ። አንድ ቀን ነገሩ የእኛን ጓዳ ያንኳኳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ያንኳኳው በማር በኩል ነው።

አያ ጥሩነህ ይጁቤ አጠገብ የሚኖሩ ዘመዴ ናቸው። ገበሬ ናቸው፣ ንብ ያረባሉ፣ የመንደሩ የማር ማኅበር ሊቀ መንበርም ናቸው። አምና የኅዳር ማር በተቆረጠ ሰሞን ማኅበሩ ወደ አውሮፓ የሚልክ ገዢ አገኘ። የሁሉም ማር በአያ ጥሩነህ ጓዳ በርሜል ውስጥ ተጠራቀመ። ገዢው ታዲያ ቁርጡን ተናገረ፤ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፣ ካለፈ የሁሉም ይጫናል፣ ከወደቀ የማንም አይጫንም። የመንደሩ ሰው ዓይን ሁሉ አያ ጥሩነህ ላይ አረፈ፤ እሳቸውም እንቅልፍ አጡ።

ናሙና ልትወስድ ሰናይት የምትባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ የመጣች ዕለት፣ እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ዳቦዬን በማር እያጠቀስኩ ነበር። ደንቡ ባለሙያዋ ራሷ ከበርሜሉ እንድትቀዳ ያዛል። ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ ልትነሳ ስትል አያ ጥሩነህ ደነገጡ።

«ምነው ልጄ፣ ሰው የለንም እንዴ? እንግዳ ማር ሲቀዳ የት አየሽ? አረፍ በይ፣ እሷ ታመጣልሻለች!»

«እሷ» የተባሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ናቸው። ወይዘሮ የሺ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ፈረንጅ ለሚቀምሰው ነገር ከበርሜል መቅዳት ነውር ሆኖ ታያቸው። በጓዳቸው ለብቻው የሚቀመጥ ነጭ ማር አለ፤ ለቄስ፣ ለአማት፣ ጉራ አይሁንብኝና ለእኔም የሚወጣ። ለማንም ሳይናገሩ የሰናይትን ጠርሙሶች ከእሱ ሞልተው አመጡላት። እሷም አሽጋ፣ አመስግና ሄደች። የአውሮፓ ሕግና የእኛ ሕግ ተጋጠሙና የእኛው አሸነፈ።

ሳምንታት አልፈው ውጤቱ መጣ። ማሩ ውስጥ ፀረ አረም መድኃኒት ተገኝቷል፤ ከተፈቀደውም በላይ ነው። ማኅበርተኛው እርስ በርሱ ተናከሰ። አንዱ «አንተ ስንዴህ ላይ ስትረጭ ነው» ሲል፣ ሌላው «አንተ ጤፍህ ላይ ስትረጭስ?» ይላል። አያ ጥሩነህ ግን ማሽኑ ዋሽቷል አሉ።

ደግነቱ ሰናይት ነገሩን በስልክ ጨርሳ አልተወችውም፤ ተመልሳ መጣች።

«አባባ፣ እስኪ የተቀዳበትን ዕቃ ልየው።»

አያ ጥሩነህ ወደ በርሜሉ ሲመሯት ወይዘሮ የሺ ከኋላ ተቆጡ። «ኧረ ከእሱ አይደለም! ምን በወጣኝ ነው ለእንግዳ ከበርሜል የምቀዳው?» ብለው በኩራት አንድ ቢጫ ጄሪካን ይዘው ወጡ።

ጄሪካኑ በአመድና በፈላ ውሃ ታሽቶ ጸድቷል። ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ ጉንዳን አያስገባም፤ ለምርጡ ማር የተመረጠውም ለዚሁ ነበር። ጎኑ ላይ ግን ያልለቀቀ የወረቀት ቁራጭ አለ። አያ ጥሩነህ አዩት። ለስንዴያቸው የገዙት የፀረ አረሙ ዕቃ ነው።

አያ ጥሩነህ ዓይናቸውን ከጄሪካኑ አንስተው ደጅ ወደምትጫወተው የልጅ ልጃቸው ወደ መቅደስ አዞሩ። መቅደስ ብርድ ሲነካት ያስላታል፤ ጠዋት ጠዋት ከዚያ ማር አንድ ማንኪያ ትልሳለች።

«መቅደስ…» አሉ።

እኔም በየጉብኝቴ የላስኩትን ማሰብ ጀመርኩ። ለካ በዚያ ቤት የተከበረ ሁሉ መርዝ ሲቀምስ ኖሯል፤ የተረፈው ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ጎረቤት ብቻ ነው።

መቅደስን በነጋታው ሐኪም ቤት ወሰድናት። ተመርምራ ደህና ናት ስትባል አያ ጥሩነህ ኮሪደሩ ላይ አለቀሱ። እኔም እያፈርኩ ተመረመርኩ። የጄሪካኑ ማር እንዳይበላ ተብሎ ተወገደ። ሰናይትም በገዛ እጇ ከበርሜሉ ቀዳች፤ ወይዘሮ የሺ እንግዳ ስትለፋ ላለማየት ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። ማሩ አለፈ።

የጭነት መኪናው ሲነሳ አያ ጥሩነህ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ መምህር፣ ያቺን መጠን ሕግ ያደረጉት ሰዎች መቅደስን ያውቋታል?»

«በምን ያውቋታል አያ? ለራሳቸው ልጆች ብለው ነው ያወጡት።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጆቻቸውን ያሳድግላቸው» አሉ። እኔም ከልቤ አሜን አልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን ስለዚያ ሕግ ማመስገን ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

አሁን አያ ጥሩነህ ቤት ስሄድ የሚቀርብልኝ ለአውሮፓ የሚላከው የበርሜል ማር ነው። ወይዘሮ የሺ ሳህኑን ሲያስቀምጡ አሁንም ይሸማቀቃሉ። «ምን ላድርግህ ልጄ፣ እንደ እንግዳ ላስተናግድህ አልቻልኩም» ይላሉ። እኔ ግን ዳቦዬን ጠለቅ አድርጌ አጠቅሳለሁ። እንግዳ አለመሆን እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።