ኬክ ያገተው የኋላ በር እንዴት እንደ ተከፈተ

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ ሞባይል በቴፒ ላይ ነግሦ ኔትወርክ ግን ገና ሙሉ በሙሉ ባልገበረለት ዘመን፣ ወርኃ ጥር በባተ በሃያ አንደኛው ቀን፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ የቡና ጌታ፣ የሚዛን መንገድ ጭቃ ድል አድራጊ፣ የጎረቤት ሁሉ መጓጓዣ፣ በፈረስ ስማቸው «አባ ክፈት» የሚባሉት ጋሽ ባዘዘው ልጃቸውን ዲቦራን ሊድሩ ተነሡ። ፈረስስ አልነበራቸውም፤ የፈረስ ስማቸውን ያገኙት ከመኪናቸው ነው።

የዚህች መኪና ግርማ ተጽፎ አያልቅም። ከባሕር ማዶ ስትመጣ አርጅታ የመጣች፣ ቴፒ ከገባች ወዲህም ዳግመኛ ያረጀች ስትሆን፣ ከክብሯ ሁሉ የሚበልጠው የኋላ በሯ ነበረ፤ በሰው እጅ አይከፈትምና። ጋሽ ባዘዘው ከመሪው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ በጣታቸው ጫፍ ሲነኩ፣ በሩ «ጢ፣ ጢ፣ ጢ» ብሎ መምጣቱን ያውጅና፣ በገዛ ሞተሩ፣ እንደ ጳጳስ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል። በገበያ ቀን ይህን ለማየት ከጌጫ ድረስ ሰው ይመጣ ነበር፤ ዐሥር ሺህ ያህል ይሆናል፣ ሕፃናቱን ሳይጨምር።

በዚያች ቅዳሜ ጋሽ ባዘዘው ማልደው ወደ ሚዛን ተፈሪ ዘመቱ፤ ባለ ሦስት ፎቅ የሠርግ ኬክም ማርከው ተመለሱ። ክሬሙ እንደ ጉም ነጭ ነበረ፤ በጫፉም ላይ ከስኳር የተሠሩ ርግቦች ተቀምጠው ነበር። በመንገድ ላይ ጉድጓድ ሁሉ ተነሥቶ ተዋጋቸው፤ ሁሉንም ድል ነሡት። ከቀትር በፊት ከደጃፋቸው ገብተው፣ መኪናይቱን አፍንጫዋን ሽቅብ ወደ ዳሱ፣ ጀርባዋን ቁልቁል ወደ ቡናው አድርገው አቆሟት፤ ሕዝቡም እልል እያለ ተሰበሰበ፤ እሳቸውም ጣታቸውን ዘርግተው ቁልፏን ነኩ።

በሩ «ጢ» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዝም።

እልልታውም በአየር ላይ ቀረ። ይህ በር በውጭ በኩል የቁልፍ ቀዳዳ የለውም፣ እጀታም የለውም፤ የሚታዘዘው ለኤሌክትሪክ ብቻ ነው። በውስጥ በኩል በወንበሮቹ ላይ አሻግሮ ለማውጣት ደግሞ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ አይታጠፍም። የቴፒ ፀሐይ ወደ ሰማይ መካከል እየወጣች፣ ሙሽራው በስምንት ሰዓት ሊደርስ፣ የላይኛዋም ርግብ ወደ ግራ መዝመም ጀምራ ነበር።

ወሶበ ርእየት ዘንተ፣ የወጥ ቤቱ እቴጌ ወይዘሮ በየነች፣ የጋሽ ባዘዘው ባለቤት፣ ማማሰያዋን እንደ በትረ መንግሥት ዘርግታ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«የሰማህ ስማ፣ ያልሰማህ ከሐሜተኛ ጠይቅ! ይህ ሰውዬ ኬኬን መኪና ውስጥ አስሮብኛል! ክሬሙ ሳይቀልጥ ካልተከፈተ፣ ለሙሽራው ዘመዶች ማንኪያ አድዬ ከመኪናው ወለል ላይ አስልሳቸዋለሁ! ያኔ ማን እንደሚያፍር እናያለን!»

ሙሽሪት ዲቦራም ግማሽ ፊቷ ተኩሎ ግማሹ ሳይኳል በመስኮት ብቅ ብላ አጭር አዋጅ አወጣች፦

«አባዬ፣ ያለ ኬክ ከዚህ ቤት አልወጣም። አበቃ!»

ከአዋጆች ሁሉ የጋሽ ባዘዘውን አንጀት የቆረጠው ይህ ነበረ፤ «ኬኩን ለኔ ተዪው» ብለው የማሉላት እሳቸው ነበሩና።

ወእምዝ የመጀመሪያው ዘመቻ በፊውዞች ላይ ሆነ። ጋሽ ባዘዘው ከመሪው ሥር በጀርባቸው ተጋድመው፣ ቀዩን በሰማያዊው፣ ሰማያዊውን በቢጫው እየተኩ ታላቅ ሹም ሽር አደረጉ። ጥሩምባው ሳይነኩት ጮኸ፤ የዝናብ መጥረጊያው በጠራራ ፀሐይ ተነሥቶ ውኃ ረጨ፤ የሚዜዎቹም ከረባት ራሰ። በሩ አልተነቃነቀም። ሁለተኛው ዘመቻ በባትሪው ላይ ሆነ፤ ከጎረቤት ሚኒባስ ረዳት ባትሪ መጣ፤ የፊት መብራቶቹ ቦግ ብለው የዶሮዎቹን ዐይን አጠፉ። በሩ ግን እንደ ሸፈተ ባላባት ምሽጉን ዘግቶ ተቀመጠ።

በዚህ መካከል የሙሽራው አጎት አቶ ተረፈ፣ ከሙሽራው ቀድመው ሁኔታ ሊሰልሉ የመጡት፣ በአዲስ ሙሉ ልብስ ላይ ድጅኖ ተሸክመው በመኪናይቱ ኋላ ቆሙና አወጁ፦

«እናንተ የሙሽሪት ወገኖች! በር እንዲህ ይለመናል እንዴ? ምናለ አንድ ፊቱን ሽማግሌ ብትልኩበት! እስከ ሰባት ተኩል እታገሣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ መስታወቱን በዚህች እገላግለዋለሁ!»

መስታወቱ ቢሰበር ስብርባሪው በክሬሙ ላይ እንደሚዘንብ ለሁሉም ግልጽ ነበረ፤ ከአቶ ተረፈ በቀር።

ያን ጊዜ ጋሽ ባዘዘው ኔትወርክ ፍለጋ በርሜል ላይ ወጥተው፣ በሚዛን ተፈሪ ለሚኖረው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ለዓለምሰገድ ደወሉ፤ ጭንቀታቸውንም ነገሩት። የዓለምሰገድም ቃል ከሞባይሉ ድምፅ ማጉያ በሕዝቡ ሁሉ ላይ ወረደ፦

«ጋሽ ባዘዘው፣ አይረበሹ! ማሳው ነው! ከኋላ በኩል ያለው ማሳ ቆሽሾ ነው። በደንብ አጽዱት! እስኪያብረቀርቅ ፋቁት! ከዚያ ከቦዲው ጋር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት!»

ኔትወርኩም ሸፈተ።

በኤሌክትሪሺያኖች ቋንቋ ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩን ከመኪናው ብረት ጋር የምታገናኝ አንዲት ጥቁር ሽቦ ናት። ይህን ግን በዚያ ደጃፍ የሚያውቅ አልነበረም፤ በቡና አገር ማሳ ቡና የሚበቅልበት ነው፣ ሌላ ማሳ የለም። ከመኪናይቱም ኋላ፣ በሠርጉ ሽርጉድ ሳይታረም የከረመ የጋሽ ባዘዘው የቡና ማሳ፣ አረም በልቶት ተዘርግቶ ነበር። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ዓለምሰገድ ሚዛን ተቀምጦ የቴፒን አረም ማየቱ ግሩም ወመድምም ሆነባቸው።

ጋሽ ባዘዘውም ከበርሜሉ ላይ ሳይወርዱ ክተት አወጁ፦

«የደጄ ሰው ስማ! ማሳችን ቆሽሾ ኬካችን ታግቷል! ገጀራ ያለህ በገጀራ፣ ማጭድ ያለህ በማጭድ፣ ምንም የሌለህ በጥርስህም ቢሆን ተከተለኝ! ሚዜ ሁሉ ኮትህን አውልቅ! ሱሪህን ግን አደራ፣ ሠርግ ነው!»

ወተለውዎ ብዙኃን። በቀኝ ክንፍ ሚዜዎቹ በነጭ ሸሚዝ፣ የራሰ ከረባታቸውን ውኃ እየጨመቁ፤ በግራ ክንፍ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን የመዘምራን ልብሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ በአራት ድምፅ እየዘመሩ እያረሙ፤ በመካከል የሽንኩርት ከታፊዎች ጦር፣ ዐይኑ ገና እንባ እንዳዘለ፤ በደጀን ደግሞ ሁለት ፍየሎች፣ በፈቃዳቸው የዘመቱ። አረሙ ተደመሰሰ። ፋቁት በተባለው መሠረት አፈሩን በአካፋ ፋቁት። እሰሩት በተባለው ላይ ግን ክርክር ሆነ፤ ማሳ በምን ይታሰራል? ጋሽ ባዘዘው የማሳው ራስ በመካከሉ የቆመው የዋንዛ ዛፍ ነው፣ ራሱ የታሰረ ገላው የት ይሄዳል ብለው ፈረዱ። ከቦዲው ጋር ተብሏልና፣ የበሬ መጎተቻ የሚያህል ገመድ ከዋንዛው ግንድ አንሥተው ከመኪናይቱ የኋላ መጎተቻ ጋር አጥብቀው አሰሩት።

ቁልፏን ነኩ። አሁንስ «ጢ»ም የለም።

ሰባት ተኩል ሆነ። አቶ ተረፈ እጅጌያቸውን ሰብስበው ድጅኖውን ወደ ሰማይ አነሡ። ይህን ባዩ ጊዜ ጋሽ ባዘዘው እንደ ነብር ዘለው ከመሪው ኋላ ገቡ፤ መኪናይቱን ከድጅኖው ሊያሸሹ፣ አንድ ጣታቸውን ከቁልፏ ላይ ሳያነሡ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጠው ሽቅብ ወደ ዳሱ ተፈተለኩ። ስለ ገመዱ ያስታወሰ አልነበረም።

ማሳው ያዛት።

መኪናይቱ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ተንቀጠቀጠች፤ ከብረቷ የራቀችው ሽቦም በዚያ ድንጋጤ ወደ ብረቷ ተመለሰች። «ጢ፣ ጢ፣ ጢ!» በሩም በሕዝቡ ፊት፣ በሙሉ ግርማው፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተነሣ። እልልታው ገና ሳይጀመር ሞተሩ ጠፋ፤ መኪናይቱ ቁልቁል ተንሸራተተች፤ ጋሽ ባዘዘው ፍሬን ያዙ፤ ኬኩ ግን ፍሬን አልነበረውምና ከነጣውላው ወደ ኋላ ወጣ።

አቶ ተረፈ ድጅኖውን ወረወሩ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ኬኩ በደረታቸው ላይ አረፈ፤ ሁለቱ ፎቆች ቀጥ እንዳሉ፣ ሦስተኛው ተደግፏቸው፣ የላይኛዋም ርግብ በአፍንጫቸው ላይ ሰፍራ። ኬኩ በተረፈ እጅ ተረፈ። የሚያኖሩበት ጠረጴዛ በአካባቢው ስላልነበረ፣ እዚያው እንደ ቆሙ፣ ሳይተነፍሱ አወጁ፦

«መንገድ ልቀቁ! ማንም እንዳይነካኝ! እንዳታስቁኝ! በሕግ አምላክ እንዳታስቁኝ!»

እንዲሁም ተሸክመውት ወደ ዳሱ ዘለቁ፤ መዘምራኑ አፈር በተሞላ እጃቸው እያጨበጨቡ ተከተሏቸው። ሙሽራው በስምንት ሰዓት ሲደርስ አጎቱን እስከ ቅንድባቸው ክሬም ለብሰው ቢያይ፣ ለክብሩ የተደረገ የአገሩ ወግ መስሎት እጅ ነሣ። ዲቦራም ተኩላ ጨርሳ ከቤት ወጣች፤ የመጀመሪያውንም ቁራሽ የማሳው ጭቃ ገና ከጫማቸው ላልለቀቃቸው ለአባቷ አጎረሰች።

ኔትወርኩም ወደ ግዛቱ በተመለሰ ጊዜ ዓለምሰገድ ደውሎ ሽቦዋን አገኛችኋት ወይ ሲል፣ ጋሽ ባዘዘው በታላቅ ድምፅ «የምን ሽቦ? ሩብ ሄክታር ነው ያጸዳነው!» ብለው አወጁለት። ዓለምሰገድም «ሄክታር?» እያለ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ጠየቀ፤ ሰዉ ሁሉ ኔትወርክ መስሎት ነበር።

ስለዚህም የቡና አገር ሁሉ ከሸዋ ቤንች እስከ ጌጫ ያመስግናቸው! ፊውዝን ለሻሩ፣ ፍየልን ላዘመቱ፣ ዋንዛን ከመኪና ጋር ላጋቡ፣ ለሞተር ያልታዘዘውን በር በገመድ ላስጎነበሱ፣ ለልጃቸው የማሉትን መሐላ በክሬም ላተሙ ለአባ ክፈት ባዘዘው ክብር ይሁን! መክፈትን ለእሳቸው የሰጠ እግዚአብሔር መዝጋትን ግን ለሌላ ሰው ሳያስቀምጥ አልቀረም፤ ያ በር ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ተከፈተ ነውና።