ድንች የተተከለበት ጂ ፕላስ ዋን

ቤት የሚጀመረው ከመሠረት ነው ያለ ሰው ሱሉልታን አያውቅም። እኛ ዘንድ ቤት የሚጀመረው ከጀርባ ነው። መጀመሪያ ቦታው ይገኛል፣ ከዚያ ይታጠራል፣ ቀጥሎ ከወደ ኋላ አጥሩን ተደግፈው ሰርቪስ ቤቶች ብቅ ይላሉ። ባለቤቱ አንዱ ውስጥ ይገባል፣ ሌላውን ያከራያል። ከፊት ያለው ሰፊ ቦታ «ዋናው ቤት» ይባላል። ዋናው ቤት ውስጥ ጎመን ይበቅላል፣ በግ ይታሰራል፣ ልብስ ይሰጣበታል፣ ሠርግ ሲመጣ ድንኳን ይተከልበታል። ልጆች ተወልደው፣ ተምረው፣ ተድረው ይወጣሉ፤ ዋናው ቤት ግን ገና ነው። ሰበታ ብትሄዱም ቡራዩ ብትሄዱም ያው ነው። እንግዳ ቢመጣ ጎመኑ መሀል አቁመው «ይሄ እንግዲህ ሳሎኑ ነው» ይሉታል። እንግዳውም የራሱን ሳሎን በቆሎ ዘርቶበት ስለመጣ «ሰፊ ነው፣ እግዜር ያስጨርሳችሁ» ይላል።

የእኔ ሥራ ይህን መቁጠር ነው። ስሙ ይቅርና አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ የሕንፃ ፈቃድ ስታቲስቲክስ እየሰበሰብኩ ወደ ላይ እልካለሁ። ስታቲስቲክስ ስል ፊታችሁን አታጥቁሩ፤ ነገሩ ከምታስቡት በላይ መንፈሳዊ ነው። የሕንፃ ፈቃድ ቁጥር የሚቆጥረው ሕንፃ አይደለም፣ ፈቃድ ነው። ወረቀቱ ማኅተም ያረፈበት ዕለት ቤቱ ተቆጥሮ ያልቃል፤ ይሠራ አይሠራ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ እኔ የምቆጥረው የሰውን ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል። የሰውን ሐሳብ እየሰማ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሌላ ማን አለ? የነፍስ አባት እንኳን የሚሰሙት በነጻ ነው።

ደግሞ ሁሉ ነገር ትርጉም አለው። አጥር ቤት አይደለም። እድሳት አዲስ ቤት አይደለም። በአንድ ፈቃድ ሁለት ቤተሰብ የየራሱ በርና ማብሰያ ካለው ሁለት መኖሪያ ነው። «ተጠናቀቀ» ማለት ጣሪያና በር ኖሮት ሰው ሊገባበት የሚችል ነው። ሰርቪስ ፕላኑ ላይ ካለ አለ፤ ፕላኑ ላይ ከሌለ፣ ሰው ወጥ ቢሠራበትም የለም። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

የምኖረው ከእነዚህ የሌሉ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነበር። አከራዬ ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ዛሬ ከተማው የቆመበት መሬት የአባታቸው እርሻ ነበር፤ ከተማው ሲመጣባቸው ለምትክ ይቺ ቦታ ተሰጠቻቸው። መንገድ ዳር ስለሆነች ከጂ ፕላስ ዋን በታች አይፈቀድባትም ተባለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመሬት ከፍ ብለው ተኝተው የማያውቁ ሰው፣ በረንዳ ያለው ፎቅ ፈቃድ አወጡ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ። መሐንዲሱ የቤቱን ልክ ለክቶ በየማዕዘኑ ችካል ቸክሎ ሄደ። አዴ ጫልቱ፣ ባለቤታቸው፣ የተመነጠረ መሬት ጦም ሲያድር ማየት አይችሉምና ከችካል እስከ ችካል ድንች ተከሉበት። በየክረምቱ ሳሎኑም፣ መኝታ ቤቱም፣ ደረጃው የሚወጣበትም ጥሩ ድንች ይሰጣል።

ችግሩ ፈቃድ ጊዜ አለው። በጊዜው ያልተጀመረ ቤት ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ቦታውም ይመለሳል። ኦቦ ገመቹ ማራዘሚያቸውን ጨርሰው አሁን ያለችው የመጨረሻዋ ናት። ፊተኛው መሬት በልማት ሄደ፤ ይቺ ደግሞ በድንች ልትሄድ ነው። ነገሩ ያንገበግበኝ ነበር። ሽማግሌው መንደሩን ሲያስታርቁ የሚውሉ፣ የቤት ኪራይ ሲዘገይብኝ ደመወዝ መዘግየቱን እንደ ሰሙ ሰው አንገታቸውን ነቅንቀው የሚያልፉ ናቸው። እኔስ የት እሄዳለሁ?

በዚህ መሀል ከላይ አጣሪ ቡድን ተላከ። የሦስቱ ከተሞች ቁጥር በጣም አምሮ ተገኘ አሉ፤ ቁጥር ሲያምር ደግሞ አለቃ ይጠረጥራል። ሰበታን ጨርሰው ቡራዩ ሲገቡ እዚያ ያለ የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ቡድኑን የምትመራው ወይዘሮ ሰናይት የምትባል ናት፣ ሜትር ይዛ ጭቃ ውስጥ ትገባለች አለኝ። ፉሪ ላይ አንድ ባለ ቦታ ያመጣውን የድንጋይ ክምር እያሳየ «ይኸው ጀምሬያለሁ» ቢላት፣ «ይሄ የተጀመረው መኪና ላይ ነው፣ መሬት ላይ ምን አለ?» ብላው ሰረዘችው አለ። እኔ ከዚያ በኋላ ምሳ አልበላሁም።

እኛ ዘንድ የመጡ ዕለት ወይዘሮ ሰናይት የሚታዩት ቤቶች በዕጣ ይለዩ አሉ። ለፍትሕ ይሁን ብለው ዕጣውን እንዳወጣ እኔኑ አዘዙኝ። የባለ ፈቃዶቹን ስም ቆራርጠን ባርኔጣዬ ውስጥ ጨመርን። እጄን ሰድጄ ሌላ ሰው ሲወጣ እፎይ እላለሁ። በመጨረሻ አንድ ቀረ ተባለ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ስለት ሁሉ ተስዬ አወጣሁ። ገመቹ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። ተሳስቼ ነው፣ ልመልሰው እንዳልል ወይዘሮ ሰናይት ከእጄ ላይ ተቀብለው መዝግበውታል።

መኪና ውስጥ ገባን። እሳቸው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ወረቀት ያገላብጣሉ፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ኦቦ ገመቹ ጋ የምንደርሰው በመጨረሻ ነው። ስልኬን አወጣሁና በመስኮቱ በኩል ዞሬ ለአዴ ጫልቱ ደወልኩ። ያወራሁት በኦሮምኛ ነው፤ ከአዴ ጫልቱና ከሱሉልታ ገበያ የተማርኩት ኦሮምኛ፣ ለድርድርና ለልመና ይበቃል። አዴ ጫልቱ፣ አጣሪዎቹ ወደኛ እየመጡ ነው፤ በፕላኑ ልክ መሬቱ ተቆፍሮ ካላገኙት ቦታው ይሄዳል፤ ለኦቦ እንዳይነግሯቸው፣ እሳቸው አይዋሹም አልኩ። ለሰው ትርጉም መንገር መቼም ወንጀል አይደለም። አዴ ጫልቱ «ድንቹ ደርሷል» ብለው ዘጉት። ምን ማለታቸው ነው? ሰው ቤቱ ሊሄድበት ሆኖ ስለ ድንች ያወራል?

ከዚያ ወዲያ የነበረኝ ሥራ ማዘግየት ብቻ ነው። በየግቢው በልኩ ላይ ክርክር ከፈትኩ። አንዱ ጋ የመጸዳጃ ጉድጓድ በሕንፃ ይቆጠራል አይቆጠርም ብዬ ረጅም ጥያቄ ጠየቅኩ። ሌላው ጋ ሻይ ካልጠጣችሁ ባለቤቱ ይቀየማሉ አልኩ፤ ባለቤቱ ስለ ሻይ አንድም ነገር አላነሱም ነበር። ወይዘሮ ሰናይት አንዴ ብቻ ዞር ብለው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ታወራለህ ወይ አሉኝ። ሥራዬን ስለምወድ ነው አልኩ።

ደረስን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ግቢው ሰው ሞልቷል። ጎረቤት ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ከችካል እስከ ችካል መሬቱን እየገለበጠ ነው። አዴ ጫልቱ ደቦ ጠርተዋል! በእኛ አገር ደቦ ተጠርቶ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ዶማውን ይዞ ይመጣል፣ ከበላና ከጠጣ በኋላ ይጠይቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ድንቹ በጆንያ ተሞልቶ ዳር ላይ ተደርድሯል፣ ዋናው ቤት ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። ልቤ መለስ አለ።

መለስ ያለው ግን ለአፍታ ነው። ወይዘሮ ሰናይት ወደ አዴ ጫልቱ ጠጋ አሉና እጃቸውን ዘርግተው ጥርት ባለ ኦሮምኛ፣ «አካም ጅርቱ፣ አዴ ጫልቱ? ነጋ?» አሉ።

ስማቸውን ማን ነገራቸው? ወረቀቱ ላይ ያለው የኦቦ ገመቹ ስም ብቻ ነው። አዴ ጫልቱ የሚለውን ስም በዚያ መኪና ውስጥ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ በስልክ፣ በመስኮት ዞሬ፣ በኦሮምኛ። ሴትዮዋ መንገዱን ሙሉ ሰምተውኛል። አጥሩን ባልደገፍ ኖሮ ከድንቹ ጋር እቆጠር ነበር።

ወይዘሮ ሰናይት ጫማቸውን ጭቃው ውስጥ ነክረው ከችካል ችካል ለኩ። ፕላኑን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ጆንያዎቹን አዩ። ከዚያ ኦቦ ገመቹን፣ አባቴ ምን እየሠራችሁ ነው ብለው ጠየቁ። ዶማ ሁሉ ቆመ። አዴ ጫልቱ ቀደም ብለው መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ኦቦ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

«ድንች እያወጣን ነው» አሉ። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽሽም። ቤቱን አልጀመርኩም። አቅም አጥቼ እንጂ መሬቱን ጠልቼው አይደለም። እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። አዴ ጫልቱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አለቀሰ እንዳልባል ወደ ሰማይ አየሁ፤ ሰማዩም ጠቁሯል።

ወይዘሮ ሰናይት ከቦርሳቸው የትርጉም መመሪያውን አወጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። በተፈቀደው ፕላን ልክ ቁፋሮ ተከናውኖ ከተገኘ ግንባታው እንደ ተጀመረ ይቆጠራል ይላል። አጠፉትና፣ «ለምን ተቆፈረ አይልም» አሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ዝም የሚል ሰው ዕድለኛ ነው። የሙያ ልማድ ግን ክፉ ነው፤ አፌ ሳላዘው «ጥልቀቱስ?» አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ዶማውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። አዴ ጫልቱ ያዩኝን አስተያየት እስካሁን በሕልሜ አየዋለሁ። ወይዘሮ ሰናይት መመሪያውን እንደገና ገለጡ፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየሳቡ ቀስ ብለው አነበቡ፣ ገጹን አዙረው ጀርባውንም አዩ። «ጥልቀት አይልም» አሉና ተጀምሯል በሚለው ላይ ምልክት አደረጉ።

እልልታው ሊነሳ ሲል እጃቸውን ወደ ሰርቪሶቹ ቀሰሩ። እነዚህስ? ፕላኑ ላይ የሉም አሉ። ሁላችንም ባለንበት ደረቅን። ሰው የሚኖርባቸው እነሱ ናቸው፤ የኦቦ አልጋ እዚያ ነው፣ የእኔም ሻንጣ። በዚህ መሀል የሱሉልታ ዝናብ፣ ማስጠንቀቂያ የማያውቀው፣ ዝም ብሎ ወረደ። ወይዘሮ ሰናይት ሰማዩን አዩና ፋይላቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሮጠው ገቡ። የት? አዴ ጫልቱ ቤት። በሌለው ቤት፣ በሌለው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ያለውን ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እያጠቀሱ በሉ። ላንቃቸው ሲቃጠል ውሃ ጠጡና፣ እኔ የመጣሁት የተፈቀደውን ለማየት ነው፣ ያልተፈቀደ የሚያይ ሌላ ክፍል አለ፣ እኔ አላየሁም አሉ። ዝናቡ ሲያባራ ሲወጡ ለኦቦ ገመቹ፣ በሚመጣው ዙር ግን ድንጋይ ነው የማየው አሏቸው። ለእኔ ደግሞ መኪናው ጋ ስንደርስ፣ ስልክ ስታወራ ድምፅህን ቀንስ አሉኝ።

ያን ምሽት ግቢው ሠርግ ሆነ። አዴ ጫልቱ መረቁኝ፣ ኦቦ ገመቹ ግንባሬን ሳሙኝ። ከደቦው ወገን ያልጨበጠኝ አልነበረም።

ኦቦ ገመቹ የማይዋሹ ሰው መሆናቸውን ግን ረስቼው ነበር። ተጀምሯል ተብሎ ከተጻፈ ተጀምሯል አሉ፣ «በእኔ የተነሳ የመንግሥት ወረቀት አይዋሽም» አሉ። መናገሻ ያለው ወንድማቸው ጋ ሄደው ሁለት በሬ ሸጠው ተመለሱ፤ የወንድም ልጆች ድንጋይ ያመጡ ጀመር። ደስ አለኝ። አንድ ጠዋት ኦቦ የክፍሌን በር አንኳኩ፤ ከኋላቸው ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ቆሟል። ኦቦ ዓይናቸውን ከዓይኔ አሽሽተው ኮፍያቸውን በጣታቸው ያዞራሉ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ቤቱን ያዳንከው አንተ ነህ» አሉኝ። «ግን ሲሚንቶ ዝናብ አይችልም። አንተ ወጣት ነህ፣ ሌላ ክፍል አታጣም።»

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት። ምን ብዬ ልከራከር? ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። አዴ ጫልቱ ስንቅ ይሁንህ ብለው አንድ ጆንያ ድንች አሸከሙኝ።

የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ያጠናቀርኩት ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ነው። የኦቦ ገመቹን ፎቅ ከተጀመሩት ጋር ደመርኩት፤ እውነትም ተጀምሯል። ከቤቱ የወጣ ሰው የሚጻፍበት ቦታ ፈልጌ ግን አጣሁ። በኋላ መመሪያውን ገልጬ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ያ ክፍል ፕላኑ ላይ ስለሌለ፣ የለም። ከሌለ ቤት ደግሞ ሰው አይባረርም፤ ስለዚህ በትርጉሙ መሠረት እኔ አልወጣሁም።